አንድ ኤችኤፍ ሬድዮ ለአላይመንት ስናዘጋጅ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የሰራነው ስራ ሙሉ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የመስክ መኪና ላይ የተገጠመ ባለ 100 ዋት ኤችኤፍ ኤስኤስቢ ሬድዮ (ኤችኤፍ ሩቅ የሚደርሰው አጭር ሞገድ ነው፣ ኤስኤስቢ ደግሞ ድምፅ የሚላክበት ዘዴ) ደብረ ማርቆስ ወዳለው ጥገና ቤታችን መጣ። መኪናው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ እየወረደ ነው የሚሰራው፣ ቆላው ውስጥ የሞባይል ኔትዎርክ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ማርቆስ ካለው ቢሮ ጋር የሚያገናኛቸው ይሄ ሬድዮ ነው። ቪኤችኤፍ፣ ከኤችኤፍ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ፣ ለምን አይጠቀሙም የምትሉ ካላችሁ፣ ቪኤችኤፍ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው፣ የአባይ ሸለቆ ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ወደታች የሚወርድ ስለሆነ ገደሉ ይጋርደዋል። በ4 እና በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ኤችኤፍ ግን ወደላይ ወጥቶ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር መልሶ ስለሚያወርደው ከገደል ስርም ሆነህ ትሰማለህ ትደመጣለህ።

ሹፌሩ ይዞት የመጣው ቅሬታ ሁለት ነው። አንዱ "ድምፃችሁ ቀጥኖ እንደ ህፃን ድምፅ ነው የሚሰማን ይሉናል" የሚል፣ ሌላው ደግሞ "ድሮ የምንደርስበት ቦታ ሆነን አሁን አይሰሙንም" የሚል። ቢሮው በደብዳቤ የጻፈው ግን አንድ መስመር ናት፣ አላይመንት ይደረግለት። አላይመንት ማለት የሬድዮውን የውስጥ ማስተካከያዎች እየለኩ ማኑዋሉ ወደሚለው ልክ መመለስ ነው።

እኔ ከልምዴ የማምነውን በግልፅ ልናገር። አላይመንት ይደረግለት ተብሎ ከሚመጣ ሬድዮ አብዛኛው አላይመንቱ አልተነካም፣ ችግሩ ኬብል ነው፣ ኮኔክተር ነው፣ የአንቴና እግር ነው፣ ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ መብረቅ የመታው የሪሲቨር (የመቀበያው ክፍል) መግቢያ ነው። እዚህ ጎጃም ክረምቱ መብረቅ የበዛበት ስለሆነ አንቴናው ሳይነቀል ያደረ ሬድዮ ስንት ጊዜ መጥቶልናል። እንዲህ ያለውን ሬድዮ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ሁሉ ማዟዟር ማለት ደህና የነበረውንም ማጥፋት ነው። ስለዚህ ዋናው ስራ ዝግጅቱ ነው ብዬ ነው የምሰራው፣ ሰውም መሳሪያውም እንዳይጎዳ ብቻ ሳይሆን የትኛውን መንካት እንዳለብህ የትኛውን ደግሞ ጨርሶ መንካት እንደሌለብህ የሚነግርህ እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ የሬድዮውን ሰርቪስ ማኑዋል አገኘን፣ የዚሁ ሞዴል የዚሁ ቨርዥን መሆኑን ቦርዱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳከርን። የአላይመንት ምዕራፉን ምንም ሳንከፍት እስከመጨረሻው አነበብነው ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፣ መጀመሪያ የውስጥ ቮልቴጆች፣ ቀጥሎ ሪፈረንስ ኦሲሌተሩ (የሬድዮው ፍሪኩዌንሲ ሁሉ የሚነሳበት ክሪስታል)፣ ከዛ ሪሲቨሩ፣ ከዛ ትራንስሚተሩ (መላኪያው) ነው። ኋላ ያለውን ቀድመህ ካስተካከልክ የፊተኛውን ስትነካ ሁሉም ይፈርሳል። ሬድዮው ሜሞሪ ላይ የሚይዛቸውን ቻናሎችና ሴቲንጎችም በላፕቶፕ አውጥተን ሁለት ቦታ አስቀመጥን፣ ይህን የሰራነው ላፕቶፑም ሬድዮውም በባትሪ እየሰሩ ነው፣ ሜሞሪ ላይ እየጻፈ መብራት ቢጠፋ የሚሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ኧርዙ፣ መሳሪያውን ከመሬት ጋር ወደሚያገናኘው መስመር፣ ልምጣ፣ ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኛ ሀገር ብዙ መሳሪያ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ስራው ከመጀመሩ በፊት ወንበርና ጠረጴዛውን ወደ አዲሷ ክፍል አዛውረን ነበርና ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ባለ ሶስት ቀዳዳ ቢሆንም ሶስተኛው ከምን ጋር እንደተያያዘ አላውቅም ነበር። ውጭ ያለው እርጥብ መሬት ላይ ጊዜያዊ ብረት ተክለን ሽቦ ስበን ገባንና በቴስተር የእያንዳንዱን መሳሪያ ቆርቆሮ ከዛ ብረት ጋር ለካን። የፓወር ሰፕላዩ ቆርቆሮ 104 ቮልት ኤሲ አሳየ። የአሮጌው ሲግናል ጀነሬተር (የመፈተሻ ሲግናል የሚሰጠው መሳሪያ) ግን ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። አብሮኝ የሚሰራው ተለማማጅ ልጅ ደነገጠና "ጋሼ፣ ፌዙ ቆርቆሮውን ነክቶት ነው?" አለኝ። "ላይሆን ይችላል፣ ግን አምነን አንቀመጥም እናየዋለን" አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ፣ ኮምፒውተር፣ አዳዲስ የመለኪያ መሳሪያ ሁሉ መግቢያቸው ላይ ከፌዝ ወደ ቆርቆሮና ከኒውትራል ወደ ቆርቆሮ የተገጠሙ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው፣ የረብሻ ሲግናል ለማጥፋት የተቀመጡ ናቸው። ኧርዝ ካለ ያቺ ትንሽ ከረንት ወደ መሬት ትሄዳለች። ኧርዝ ከሌለ ግን ቆርቆሮው በሁለቱ መሀል ይንሳፈፋል፣ የ220 ግማሽ ማለት 110 አካባቢ ይሆናል። ቤታችሁ ውስጥ እጃችሁን ነዘር የሚያደርገው የላፕቶፕ ቆርቆሮ ይሄው ነው። ይሄ መሆኑን ከእውነተኛ የፌዝ ንክኪ ለመለየት መያዣው በደንብ የተሸፈነ ትንሽ ባለ ክር አምፖል በቆርቆሮውና በኧርዙ መሀል አገባን፣ አምፖሉ አልበራም ቮልቴጁም ወደ ዜሮ ወረደ። ፌዝ ነክቶት ቢሆን ኖሮ ይበራ ነበር፣ ያኔ መሳሪያውን ነቅሎ ማስወጣት ነው።

ሰውን ላይገድል ይችላል፣ ከረንቷ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ናት። መሳሪያውን ግን ትገድላለች። እኛ የምንጠቀምበትን ትልቁን የሬድዮ ኬብል ጫፍ፣ ያንን የሚጠመዘዘውን፣ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፣ መሀሉ ያለው መርፌ ከዳር ካለው ቀለበት ቀድሞ ነው የሚነካው። የሬድዮው ኔጌቲቭ ከፓወር ሰፕላዩ ቆርቆሮ ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ሬድዮው 104 ቮልት ላይ እየተንሳፈፈ ጀነሬተሩ ደግሞ ዜሮ አጠገብ ሆኖ ኬብሉን ስታገናኝ ልዩነቱ በሙሉ በመርፌው በኩል በጀነሬተሩ መውጫና በሪሲቨሩ መግቢያ ያልፋል። ጫፉ ላይ 150 ቮልት ይደርሳል። ማይክሮቮልት ለመስማት የተሰራ ዕቃ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተን የኧርዝ ዘንግ አስተከልን፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የመዳብ ባር አስገጠምን፣ ሁሉም መሳሪያ ቆርቆሮው በወፍራም ሽቦ ወደ ባሩ እንዲታሰር አደረግን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ዘንግ ተተከለ በቃ ይላል፣ ግን ዘንግ ብቻውን አይበቃም። የዘንጉ መቋቋም 50 ኦም ቢሆን እውነተኛ የፌዝ ንክኪ ሲመጣ የሚያልፈው ከረንት 220 ሲካፈል ለ50 ማለትም 4.4 አምፔር ነው፣ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይሄን እንደ ተራ ጭነት ነው የሚያየው አይቆርጥም፣ ቆርቆሮው ፌዙን እንደያዘ ይቀመጣል። ስለዚህ 30 ሚሊአምፔር ሲፈስ የሚቆርጠውን አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር ጨመርን፣ መሞከሪያ ቁልፉንም ተጭነን መቁረጡን አየን። ከዛ በኋላ ስንለካ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ አንድ ቮልት የሚሞላ አልተገኘም። ኬብል የነካነው ከዛ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የትራንስሚተሩ ጉልበት የት ይሄዳል የሚለው ነው። ወደ አንቴና አይሄድም፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም። በኤችኤፍ 100 ዋት የቆመ ቶን ይዘህ አንቴና ላይ ስትለቅ ማርቆስ ብቻ አይቀርም ሌላ ሀገር የሚሰራ ሰው ላይ ትጮህበታለህ፣ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ፈቅዶ የሚሰጠው የህዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ ጉልበቱን የሚበላው 100 ዋት የሚችል ባለ 40 ዲቢ አቴኑዌተር፣ ሲግናልን የሚያዳክም ዕቃ፣ ነው።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ አስቀመጥነው። 100 ዋት በ50 ኦም ላይ 70.7 ቮልት ነው፣ ጫፉ 100 ቮልት። የፍሪኩዌንሲ ካውንተሩ (ፍሪኩዌንሲ የሚቆጥረው መለኪያ) ፊት ላይ የተጻፈው ገደብ 5 ቮልት። በቀጥታ ካገናኘኸው ተቃጠለ ማለት ነው። በ40 ዲቢ ሲያልፍ ቮልቴጁ ለ100 ይካፈላል፣ 0.7 ቮልት ይሆናል፣ 10 ሚሊዋት፣ ካውንተሩ በምቾት ያነበዋል። ግን አቴኑዌተሩ ላይ የተጻፈውን 40 ማመን የለብንም፣ ከገበያ አሮጌ ሆኖ የተገዛ ነው፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ሬዚስተር ቢኖር ማን ያውቃል። መውጫው ላይ ባለ 50 ኦም መዝጊያ ገጠምንና መግቢያው ላይ 12 ቮልት ዲሲ ሰጠነው፣ መውጫው ላይ 0.12 ቮልት ተነበበ። መግቢያውም በቴስተር 50 ኦም አካባቢ ነው። ይሄ መፈተሻ ምንም ውድ ዕቃ አይጠይቅም፣ ቴስተርና ባትሪ ይበቃዋል፣ ሬዚስተር ብቻ ለሆነ አቴኑዌተር ሁሉ ይሰራል። ደግሞ አቅጣጫውን ልብ በሉ፣ ከባድ ጉልበት የሚችል አቴኑዌተር ብዙ ጊዜ አንድ ጫፉ ብቻ ነው ሙቀቱን የሚችለው፣ ገልብጠህ ከገጠምከው ትንሹ ጫፍ ይጋያል። እኛ መግቢያውን በቀይ ቴፕ አሰርነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ዘዴ ደግሞ ይሄ ነው፣ ሪሲቨሩን ስንለካም አቴኑዌተሩን አናወጣውም። ሪሲቨር ስትለካ ሲግናል ጀነሬተሩ ከሬድዮው አንቴና ቀዳዳ ጋር ነው የሚገናኘው፣ በዛ ሰአት አንድ ሰው ማይኩን ቢጫን ወይ የአንቴና ቲውኒንግ ቁልፏን ቢነካ 100 ዋቱ ወደ ኋላ ጀነሬተሩ ውስጥ ይገባል። አቴኑዌተሩ መሀል ካለ ግን የሚደርሰው 10 ሚሊዋት ነው። ማካካሻውም ቀላል ነው፣ ጀነሬተሩን 40 ዲቢ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ሬድዮው ጋ -107 ዲቢኤም ማለትም 1 ማይክሮቮልት እንዲደርስ ከፈለግህ ጀነሬተሩን -67 ላይ ታስቀምጠዋለህ። አንድ መንገድ ለመላክም ለመቀበልም፣ ማንም ምንም ቢጫን የሚቃጠል ነገር የለም። በዛ ላይ ማይኩን ነቅለን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበት፣ ስካኑንና በራሱ መልስ የሚልከውን የሴልኮል ሲስተም አጠፋን፣ እሱ እኮ ማንም ሳይነካው ነው የሚያሰራጨው።

ፓወሩ 13.8 ቮልት ባለ 25 አምፔር ነው፣ የለካነው ግን ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ሬድዮው ጀርባ ላይ እየላከ ሳለ ነው፣ 13.6 አገኘን ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ሲመጣ ቆይቶ መሰካት፣ ይሄ እንኳን ሁላችሁም የምታደርጉት ነው።

የሰው ጥንቃቄውን ቶሎ ልበል። ቀለበትና ሰአት ወለቀ፣ 12 ቮልት አይነዝርም ግን የመኪና ባትሪ ቀለበት ላይ ካገኘ ጣት ያበስላል። እየላከ ያለ ሬድዮ ውስጥ እጅ አይገባም፣ አርኤፍ (የሬድዮው ሞገድ ጉልበት) ሲያቃጥል ከላይ ትንሽ ነጥብ ነው የሚመስለው ውስጡ ግን ጠልቆ ነው። የፋይናል ትራንዚስተሮቹን (የመላኪያውን ጉልበት የሚያወጡትን) ነጭ ሴራሚክ መፋቅ መስበር ክልክል ነው፣ አሮጌዎቹ ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለ፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። አንድ ሰው ሲሰራ አንድ ሰው ማጥፊያው ጋ ይቆማል።

መለካቱን ጠዋት አልጀመርነውም። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው ጠዋቱ ይበርዳል፣ ክሪስታል ደግሞ ሙቀት ሲለወጥ ይንሸራተታል፣ ሬድዮውም ካውንተሩም በርተው ሲሞቁ ቆይተው ከሰአት ነው የተነካው። ካውንተሩንም በጂፒኤስ ከሚስተካከል የ10 ሜጋኸርዝ ሪፈረንስ ጋር ስናስተያየው ራሱ 13 ኸርዝ ስቶ ተገኘ። ስለዚህ ሪፈረንሱን በጀርባው በኩል አስገባንለት። የሳተ ሜትር ይዘህ ሬድዮ አስተካከልኩ ማለት አይቻልም።

ከዛ ምንም ሳንነካ እንዳለ ለካነው። ጉልበቱ 96 ዋት፣ ደህና ነው። ሪሲቨሩ ማኑዋሉ ካስቀመጠው ጋር የሚቀራረብ ነው፣ መብረቅ አላገኘውም። ፍሪኩዌንሲው ላይ ግን፣ 1000 ኸርዝ ቶን በኦዲዮ አስገብተን ስናነብ 4 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ቻናል 61 ኸርዝ ከፍ ብሏል፣ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው 106 ኸርዝ። ይሄን ለልጁ ሰጠሁትና "እስኪ ምን ይነግርሃል?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ስህተቱም አብሮ ይጨምራል" አለ። ልክ ነው፣ ሁለቱም ከሚሊዮን 15 ገደማ ናቸው፣ ስለዚህ የሳተው ሁሉም የሚነሳበት ሪፈረንስ ኦሲሌተር ነው። ስህተቱ በሁለቱም ቻናል እኩል ቢሆን ኖሮ የኤስኤስቢውን ካሪየር ኦሲሌተር ነበር የምንጠረጥረው። የቀጠነው ድምፅ መልሱ ይሄው ነው፣ ሬድዮው ከፍ ብሎ ስለሚልክ ቢሮ ያለው ሰው እያንዳንዱን ድምፅ 100 ኸርዝ ከፍ ብሎ ይሰማዋል።

ልጁ እጁ በልቶታል መሰለኝ "ጋሼ እግረመንገዳችንን ፓወሩንም ትንሽ ላዙረው? 96 ነው እኮ" አለ። "ተው ልጄ፣ 96 እና 100 ጆሮ የሚለየው ልዩነት የለውም፣ ኤኤልሲውን፣ ጉልበቱን የሚገድበውን፣ ከከፈትከው ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ አጠገቡ ያለው ቻናል ላይ ይረጫል፣ ፋይናሎቹም ይግላሉ" አልኩት። ማስተካከያው ላይ ያለው የፋብሪካው ሰም እንኳ አልተነሳም ነበር።

የተነካችው አንዲት ትሪመር (እየዞረች የምታስተካክል ትንሽ ዕቃ) ብቻ ናት። መጀመሪያ ፎቶ ተነሳች፣ የነበረችበት ቦታ በቀጭን እስክሪብቶ ምልክት ተደረገ። የተጠቀምነው የሴራሚክ ጫፍ ያለውን ማስተካከያ ነው፣ የብረት ካቻቢቴ ገና ሲጠጋት ካውንተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሲንቀሳቀስ ለልጁ አሳየሁት፣ ስታነሳው ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል፣ በብረት የምታስተካክለው ካቻቢቴውን ጨምረህ ነው። በዛ ላይ ደግሞ ፌራይት ኮር ያላቸውን ኮይሎች ብረት ይሰነጥቃቸዋል። ትሪመሯ ከሩብ ዙር ባነሰ ነው የተንቀሳቀሰችው። ክዳኑን ስንገጥምም ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሄድ ክዳኑ በላዩ ሆኖ በቀዳዳው በኩል ጨረስነው፣ በ7 ሜጋኸርዝ 3 ኸርዝ ላይ ቆመ። አድሮ ጠዋት በብርዱ ተነስቶ ሲለካ 9 ኸርዝ፣ ንግግር ላይ አይታወቅም።

ሁለተኛው ቅሬታ ቀረ፣ አይደርስም የሚለው። ሬድዮው ጠረጴዛ ላይ 96 ዋት እንደሚሰጥ ስላረጋገጥን ልባችን ሙሉ ሆኖ ወደ መኪናው ሄድን። ቻናሉ ነፃ መሆኑን ሰምተን ከቢሮው ጋር ተነጋግረን ለአጭር ጊዜ ስንልክ ዋት ሜትሩ ወደፊት 30 ዋት ወደኋላ ደግሞ 11 ዋት አካባቢ አሳየ፣ ሬድዮው ራሱን ለመከላከል ጉልበቱን ቀንሶታል። የአንቴናውን እግር ስንፈታው የበረሃው አቧራና ዝገት በቀለሙና በብረቱ መሀል ገብቷል፣ እግሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው ጥልፍልፍ ሽቦም ተበጥሷል። ብረቱ እስኪያበራ ተጠረገ፣ አዲስ ሰፊ ጥልፍልፍ ታሰረ፣ ግራሶ ተቀባ። ከዛ በኋላ ወደኋላ የሚመለሰው 2 ዋት እንኳ አልሞላም። በተጨማሪ ከባትሪው ወደ ሬድዮው የሚመጣው ሽቦ ላይ ሲልክ 2.2 ቮልት ይጠፋ ነበር፣ በ18 አምፔር ሲባዛ 40 ዋት ሙቀት ማለት ነው፣ የፊውዝ ቤቱ ፕላስቲክ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ሽቦውም ፊውዝ ቤቱም ተቀየረ፣ አዲሱ ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ተቀመጠ።

ከመኪናው ጋር የሄደው ወረቀት ላይ ከመነካቱ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ፣ የተነካችው ትሪመር ስም፣ የነበረው ሙቀትና የፓወሩ ቮልቴጅ ተጽፏል፣ አንድ ኮፒ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል። ሹፌሩ ክረምቱ ሲወጣ የአንቴናውን እግር እንዲያሳየን ተነጋግረናል። የእኛ የኧርዝ ዘንግ ደግሞ አሁን የተለካው መሬቱ እርጥብ ሆኖ ስለሆነ መጋቢት ላይ ሲደርቅ ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ድጋሚ ይለካዋል፣ ከፍ ካለ ሁለተኛ ዘንግ ይተከላል።